የጎርፍ ኢንሹራንስ ካሳ፦ የ60 ቀኑ ቃለ መሐላ አሞላልና አላላክ

ጎርፍ ቤት ከገባ በኋላ ኢንሹራንሱ የላከው ገማች ይመጣል፤ አሜሪካ ያለ ሐበሻ አድጀስተር የሚለው ሰው ነው። ግድግዳውን ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ጥቂት ይጠይቃል፣ «እናሳውቅዎታለን» ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱም የካሳ ጥያቄዬ (ክሌሙ) ገባልኝ ብሎ ቼክ መጠበቅ ይጀምራል። በፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደንብ ግን ገማቹ የጻፈው የገማቹ ሪፖርት ነው። የእርስዎ ጥያቄ የሚባለው እርስዎ ራስዎ «የደረሰብኝ ጉዳት ይህን ያህል ነው» ብለው በመሐላ ፈርመው የሚልኩት ወረቀት ነው። ፕሩፍ ኦፍ ሎስ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ «የጉዳት ማረጋገጫ» እለዋለሁ። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መላክ አለበት።

ሰው ይህን ነገር ቀለል አድርጎ ሲያየው ስለማይ ምክንያቱን ላስቀድም። ፖሊሲዎ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውልዎ፣ ላይ የግል ኩባንያ ዓርማ ቢኖርም፣ ኢንሹራንሱ በ1968 በወጣ ሕግ የተቋቋመ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። ኩባንያው ይሸጣል፣ ያስተናግዳል፤ የሚቆጣጠረው ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው፤ ካሳውም የሚወጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ፍርድ ቤቶች ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ሲጠየቅ የተጻፈው ደንብ ሳይሸራረፍ እንዲፈጸም ያደርጋሉ። በ1947 የአይዳሆ የስንዴ ገበሬዎች ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የመንግሥት የሰብል ኢንሹራንስ ወኪሎች «ሰብላችሁ ዋስትና አለው» ብለዋቸው ነበር፤ ደንቡ ግን አይልም ነበርና ተረቱ። ዛሬም የጎርፍ ክርክር ላይ ይኸው ፍርድ ይጠቀሳል። ስለዚህ «የኩባንያው ልጅ በስልክ ችግር የለም ብሎኛል» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚከተለው ሁሉ የሚሠራው ለፌዴራሉ ፕሮግራም ፖሊሲ ነው። ከግል ኩባንያ የተገዛ የጎርፍ ኢንሹራንስ የራሱ ውልና የራሱ የቀን ገደብ አለው። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ጎርፍን አይሸፍንም። የትኛው እንዳለዎት ካላወቁ፣ ወይም ፖሊሲው ራሱ በጎርፍ ሄዶ ከሆነ፣ አጀንትዎን (ኢንሹራንሱን የሸጠልዎትን ወኪል) ወይም የፕሮግራሙን ስልክ 877-336-2627 ይጠይቁ።

1. ቀኑን ይቁጠሩ

የሚቆጠረው ውኃው ቤትዎ ከገባበት ቀን ነው፤ ስልክ ከደወሉበት ወይም ገማቹ ከመጣበት ቀን አይደለም። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ይቆጠራል። ሴፕቴምበር 1 ውኃ ከገባ የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 31 ነው። ቀኑን ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት፤ ቢቻል ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጨርሱ።

ከከባድ አደጋ በኋላ ፌማ ጊዜውን የሚያራዝምበት ወቅት አለ። በ2017 ሂውስተንን ያጥለቀለቀው ሃርቪ የተባለ አውሎ ነፋስ ሲደርስ 60ው ቀን ወደ 365 ተራዝሟል። ይህ ግን ለዚያ አደጋ ብቻ የተሰጠ ነው። ጎረቤት «ተራዝሟል» ካለዎት ኩባንያዎን በኢሜይል ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ካልተራዘመ 60 ነው።

ስለ ቀን አጻጻፍም አገር ቤት የለመድነው ቀን ቀድሞ ወር መከተሉ ነው፤ እዚህ ወሩ ይቀድማል። ኦገስት 9ን 09/08 ብለው ከጻፉት ኩባንያው ሴፕቴምበር 8 ብሎ ያነበዋል፤ በመሐላ ወረቀት ላይ ደግሞ የተሳሳተ የጉዳት ቀን ይሆናል። የወሩን ስም በፊደል ቢጽፉት ይሻላል።

2. ሳይጥሉ ማስረጃ ይያዙ

ወዲያውኑ ለኩባንያው ወይም ለአጀንቱ አሳውቀው የክሌም ቁጥር ይቀበሉ፤ ስልክ ቢደውሉም በኢሜይል ይድገሙት። እጅ ካጠረዎት በዚያው ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ። ገማቹ ሳይመጣ እስከ 5,000 ዶላር፣ ፎቶና ደረሰኝ ካቀረቡ እስከ 20,000 ዶላር ሊሰጥ የሚችልበት አሠራር አለ፤ በኋላ ከጠቅላላው ካሳ ይቀነሳል።

ከዚያ ፎቶ። ውኃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ከሜትር ጋር፣ ከውስጥም ከውጭም ያንሱ። እያንዳንዱን ክፍል፣ ከዚያም እያንዳንዱን ዕቃ። ማሽን ከሆነ ስሙን፣ ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን የያዘችውን ትንሽ ወረቀት አጉልተው ያንሱ። የተጎዳውን ካልተጎዳው ለይተው ያስቀምጡ። የበሰበሰና የሚሸት ነገር ለጤና አደገኛ ስለሆነ ገማቹ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፎቶ አንስተው ይጣሉ። ከምንጣፉ፣ ከመጋረጃው፣ ከወለሉ እንጨት ግን ቁራጭ ቆርጠው በላስቲክ ያስቀሩ።

ቤቱን ማድረቅ የእርስዎ ግዴታ ነው። «ገማቹ እንዲያየው» ተብሎ እርጥቡ ግድግዳ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥና ሻጋታ ቢያወጣ፣ ያ ሻጋታ ማስቀረት ይችሉት የነበረ ጉዳት ነው ተብሎ ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

3. የዕቃ ዝርዝር

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ሰው በብዛት ገንዘብ የሚያጣው ዝርዝር ባለመጻፉ ነው። ፎርሙ የሚፈልገው ለእያንዳንዱ ዕቃ ብዛቱን፣ መግለጫውን፣ የተገዛበትን ጊዜ፣ የዛሬ መተኪያ ዋጋውንና በእርጅና ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። የቤት ዕቃ ሁልጊዜ የሚካሰው በዚህ በተቀነሰው ዋጋ ነው። ለምሳሌ ዛሬ ተመሳሳዩ 1,800 ዶላር የሚሸጥ ሶፋ አሥር ዓመት ያገለግላል ቢባልና የእርስዎ አምስት ዓመት ቢሆነው፣ ጥያቄዎ 900 ዶላር ነው። ያልተጋነነ ቁጥር ይጻፉ፤ ግን ራስዎም አያሳንሱት። በደንብ የተያዘ ዕቃ እንደ አሮጌ አይቆጠርም፣ ፎቶው ይመስክርልዎ።

ደረሰኝ የለኝም ብሎ ዕቃ ከዝርዝር ማስወጣት ስህተት ነው። የባንክና የክሬዲት ካርድ መግለጫ፣ ሱቁ በስልክ ቁጥርዎ የያዘው መዝገብ፣ በኢሜይል የመጣ ማረጋገጫ ሁሉ ያገለግላል። ከሽሮ ሜዳ የመጣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ መሶብ፣ ሙሉ የቡና ዕቃ ግን ደረሰኝ የለውም። ለእነዚህ የሠርጉን፣ የክርስትናውን፣ የልደቱን ፎቶ ያገላብጡ፤ ቀሚሱ ተለብሶ፣ መሶቡ ተቀምጦ ይታያል። ዋጋውን እዚሁ ካሉ የኢትዮጵያ ዕቃ መሸጫዎች በጽሑፍ ያስወጡ። ገማቹ የኤሌክትሪክ ምጣድ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላልና ስሙን ብቻ አይጻፉ፤ «እንጀራ መጋገሪያ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ» ብለው በእንግሊዝኛ ያስረዱ፣ የሽያጭ ገጹንም አትመው ያያይዙ።

የማይከፈልና የተገደበም አለ። ጥሬ ገንዘብ አይካስም፤ የዕቁብ ብር መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ከኢንሹራንሱ አያገኘውም። ወርቅና ጌጣጌጥ፣ ሥዕል፣ ብርቅ መጻሕፍት፣ ቤት ውስጥ ለንግድ የሚያገለግል ዕቃ ሁሉም ተደምሮ ከ2,500 ዶላር አይበልጥም፤ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍና የተሳለ ሥዕለ አድኅኖ ያለው ቤት ይህን ልብ ይበል። መኪና በዚህ ፖሊሲ አይካተትም፤ ታክሲም ሆነ ኡበር የሚሠሩበት መኪና በመኪናው ኢንሹራንስ፣ ኮምፕረሄንሲቭ (ከግጭት ውጭ ያለ ጉዳትን የሚሸፍነው) ካለዎት፣ የሚጠየቅ ነው። ለሆቴል ያወጡትና ከተከራይ ሳያገኙ የቀሩት ኪራይም አይከፈልም። በሌላ በኩል ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ጎርፉ ሲቃረብ ለአሸዋ ከረጢትና ለመሳሰለው ያወጡት እስከ 1,000 ዶላር፣ ዕቃ ለማሸሽ ያወጡትም እንዲሁ እስከ 1,000 ዶላር ይጠየቃል።

ቤዝመንት

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ወገን ቤዝመንቱን ያስውባል፣ ያከራያልም፤ ስለዚህ ለብቻው ላንሳው። ፖሊሲው በቤዝመንት ውስጥ የሚሸፍነው ጥቂት ነው። ከቤቱ አካል ማሞቂያው፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፑ፣ መሠረቱ፣ ደረጃው፣ ቀለምና ማጠናቀቂያ የሌለው የግድግዳ ሺትሮክ ይከፈላል። የወለሉ ንጣፍ፣ የተሠራው መታጠቢያ ቤት፣ ካቢኔቱ አይከፈልም። ከዕቃ ደግሞ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ ተንቀሳቃሽ ኤሲ፣ ፍሪዘርና በውስጡ ያለ ምግብ ብቻ፤ እነሱም በቦታቸው ተተክለው ከኤሌክትሪክ የተገናኙ ከሆኑ ነው። ከአገር ቤት የመጣው በርበሬ ፍሪዘር ውስጥ ከነበረ ዝርዝሩ ላይ ይግባ፤ አጠገቡ መደርደሪያ ላይ የነበረው ሽሮ አይገባም። ለምን እንዲህ እንደተደነገገ አትጠይቁኝ።

ነገር ግን ቤዝመንት የሚባለው ወለሉ በአራቱም ጎን ከመሬት በታች ሲሆን ነው። በአንድ በኩል በሩ ሲከፈት ደረጃ ሳይወጡ በቀጥታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ከሆነ በፖሊሲው ቋንቋ ቤዝመንት ላይሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በሩን ከፍተው የወለሉንና የውጩን መሬት ከፍታ በአንድ ፎቶ ያሳዩ። ገማቹ «ቤዝመንት» ብሎ ጽፎ ከሆነ ይህን ፎቶ ይዘው ይከራከሩ።

የተከራይ ዕቃ በባለቤቱ ፖሊሲ አይጠየቅም። ተከራዩ የራሱን የዕቃ ፖሊሲ፣ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ፣ መግዛት ይችል ነበር።

4. የቤቱ ጥገና ግምት

ለመኖሪያ ቤት ፖሊሲው የሚሸፍነው ጣሪያ ለሕንፃው 250,000፣ ለዕቃው 100,000 ዶላር ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ዲዳክቲብል፣ ማለትም ከካሳው ላይ ተቀንሶ እርስዎ የሚሸፍኑት መጠን፣ አላቸው። ገማቹ የሠራውን ግምት ሙሉ ቅጂ ይጠይቁና ክፍል በክፍል ያንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ከግድግዳው ጀርባ ያለው ኢንሱሌሽን፣ ከወለሉ በታች ያለው ንጣፍ፣ የታችኛው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ማድረቂያ የተከራዩበት ወጪ ናቸው።

የራስዎን ኮንትራክተር ግምት ሲያመጡ «ጠቅላላ ጥገና 60,000 ዶላር» የሚል አንድ መስመር ወረቀት ዋጋ የለውም። ሥራው በየክፍሉ፣ ስንት ካሬ ጫማ፣ የቁሳቁስና የእጅ ዋጋው ተለይቶ ይጻፍ። ከጎርፉ ጋር አብሮ ኩሽናውን ለማሳመር ያሰቡት ተጨማሪ ሥራ ተለይቶ ይውጣ፤ ግምቱ ውስጥ ከተገኘ የቀረውንም ያስጠረጥራል።

5. ፎርሙን መሙላት

ገማቹ ፎርሙን ሊያመጣልዎ፣ ሊሞላልዎም ይችላል። ይህ ትብብር እንጂ ግዴታው አይደለም። ባያመጣም ቀኑ አይቆምም፤ ከኩባንያው ወይም ከፌማ ድረ ገጽ ወስደው ራስዎ ይሞላሉ። ኩባንያው ከፈለገ እርስዎ የፈረሙበትን የገማች ሪፖርት በምትኩ ሊቀበል ይችላል፤ ምርጫው ግን የኩባንያው ስለሆነ በጽሑፍ ካልነገርዎ አይመኑበት።

ስምዎን ፖሊሲው ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይጻፉ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ባልና ሚስትም የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። ፖሊሲው ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ።

ፎርሙ የጉዳቱን ቀንና ሰዓት፣ እንዴት እንደደረሰ አጭር መግለጫ፣ በቤቱ ላይ ያለዎትን መብት፣ ሌላ ኢንሹራንስ ካለ፣ ባለቤትነት ወይም አጠቃቀም ተለውጦ እንደሆነ፣ የሞርጌጅ ባንኩንና በቤቱ ላይ የዕዳ መያዣ መብት ያለው ሌላ ካለ ስሙን፣ ጉዳቱ ሲደርስ በቤቱ ማን ለምን ይኖር እንደነበር ይጠይቃል። በመግለጫው ውኃው ከየት እንደመጣ በግልጽ ይጻፉ፦ ወንዙ ሞልቶ፣ ዝናቡ መንገዱን አጥለቅልቆ። ጎርፍ ለመባል ውኃው ከእርስዎ ግቢ አልፎ ሌላም ንብረት ወይም ቢያንስ ሁለት ኤከር ደረቅ መሬት መሸፈን አለበት፤ የጎረቤትዎ ቤትም ተጎድቶ ከሆነ ይጥቀሱት። በፍሳሽ ቱቦ ተመልሶ የገባ ውኃም የሚከፈለው በአካባቢው ጎርፍ ኖሮ እሱ ምክንያት ሲሆን ነው።

ተከራይ ካለ ተከራይ አለ ብለው ይጻፉ። የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የለኝም ብሎ ይህን መደበቅ ሙሉውን ካሳ ያሳጣል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ፖሊሲውን ያፈርሳል፣ በፌዴራል ወንጀልም ያስጠይቃል።

ከዚያ ሒሳቡ። ለምሳሌ ለሕንፃው ሙሉ የጥገና ዋጋ 62,000፣ የእርጅና ቅናሽ 9,000፣ ቀሪ 53,000፣ ዲዳክቲብል 2,000፣ የሚጠየቀው 51,000 ዶላር። ዕቃው በሌላ ዓምድ እንዲሁ ይሰላል። የሚጠየቀው መጠን ቦታ ላይ ባዶ መተው፣ «ወደፊት ይገለጻል» ማለት፣ ወይም ባዶ ፎርም ፈርሞ ለገማቹ መስጠት የለም። ቁጥሩ የእርስዎ ነው፤ ደንቡም በራስዎ ግምት እንዲወስኑና በማስረጃ እንዲደግፉት ነው የሚያዝዘው።

ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በጥድፊያ የተረጎመልዎትን አይፈርሙ፤ የምትምሉበትን ወረቀት መስመር በመስመር የሚያስረዳ ሰው ይፈልጉ።

6. በዋጋው ካልተስማሙ

ገማቹ 38,000 ብሎ እርስዎ 51,000 ካሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሙሉውን 51,000 ከነማስረጃው መጠየቅ ነው። ሁለተኛው በማያከራክረው 38,000 ላይ ፈርሞ ገንዘቡን መቀበልና ለቀሪው 13,000 ተጨማሪ የጉዳት ማረጋገጫ ማስገባት ነው። የመጀመሪያውን መፈረም ቀሪውን መተው አይደለም። የቀኑ ገደብ ግን ለሁለተኛውም ይሠራል፤ ካለፈብዎ በደንቡ ላይ ማለፊያ የሚሰጠው በጽሑፍ ፌማ ብቻ ነውና በኩባንያው በኩል ያመልክቱ። ገማቹ ክሌም የማጽደቅም የመከልከልም ሥልጣን የለውም፤ ከእሱ ጋር መጣላት ትርፍ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅዎት ገማች ካለ ግን አጭበርባሪ ነው።

7. ፈርሞ መላክ

ፊርማው የመሐላ ፊርማ ነው፤ ፎርምዎ የኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ቦታ ካለው ያስሞሉት። ዝርዝሩን፣ ግምቱን፣ ፎቶዎቹን፣ ደረሰኞቹን አያይዘው በኩባንያው ገጽ ወይም በኢሜይል ይላኩ፤ በተጨማሪ በፖስታ ቤት የተቀባይ ፊርማ በሚጠየቅበት መንገድ ይላኩ። የክሌም ቁጥሩ በየገጹ ላይ ይኑር። ሙሉ ቅጂው እርስዎ ዘንድ ይቅር።

8. ከተላከ በኋላ

የሕንፃው ቼክ ላይ የሞርጌጅ ባንክዎ ስምም ይጻፋል፤ ቀድመው ደውለው አሠራራቸውን ይጠይቁ። ቤቱ የአንድ ቤተሰብ ዋና መኖሪያዎ ከሆነና በመተኪያ ዋጋው ቢያንስ 80 በመቶ ወይም በጣሪያው መጠን ከተዋዋሉ፣ ከላይ የተቀነሰው 9,000 ጥገናው ሲያልቅ ሊመለስልዎ ይችላል። ይህን እንደሚጠይቁ ግን ከጉዳቱ ቀን በ180 ቀን ውስጥ ያሳውቁ።

ጥያቄው በሙሉ ወይም በከፊል በጽሑፍ ከተከለከለ፣ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የደብዳቤውን ቅጂ አያይዘው ለፌማ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ክስ ደግሞ የመጀመሪያው የክልከላ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቤቱ ባለበት አካባቢ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይመሠረታል። ይግባኙ እየታየ ዓመቱ አይቆምም፤ ክስ ከመሠረቱ ደግሞ ይግባኙ ያበቃል። ጠበቃ ሲይዙ የመኪና አደጋ ክስ የሚያሸንፈውን ሳይሆን የፌዴራል የጎርፍ ክሌም የሠራ ይፈልጉ፤ በስቴት ፍርድ ቤት ከፍቶ ጊዜ የሚያባክን አለ።